ሞተሩ በብርድ እምቢ ያለበት ዓመት

አባቴ ባሕር ላይ ከቀረ በኋላ ሞተሩ ያኮረፈ መሰለኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በዚያ ዕድሜ የማያኮርፍ ነገር የለም። ፍየሏ ታኮርፋለች፣ የጓዳው በር ያኮርፋል፤ ሞተሩም እንደዚያው። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ገመዱን አንዴ ሲስቡለት ይነሳል። ጎህ ሲቀድ፣ ብርዱ ጥርስ በሚያንገጫግጭበት ሰዓት ግን ይስላል፣ ያስነጥሳል፣ ሁለት ሦስቴ ይንፈራገጥና ጸጥ ይላል። እናቴ ረባሕ ገመዱን ደግማ ትስባለች። ደግሞ ጸጥ። እኔ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ፣ በዘንባባ ዝንጣፊ ክምር መሀል ተወሽቄ፣ «አባባን እየጠበቀ ነው» እላለሁ በልቤ። አባባ ሲስበው እንዲህ አድርጎ አያውቅማ።

አሁን ሃምሳ ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ የምኖረውም በሞተር ነው። በዚህ ወደብ በእጄ ያልፈታሁት ሞተር ጥቂት ነው። ሞተር እንደማያኮርፍ አውቃለሁ። የሚያኮርፍ ቢሆን ኖሮ ሥራዬ በቀለለ፤ ለማባበል ማን ብሎኝ!

ነገሩ የሆነው እዚሁ ቀርቀና ደሴት ላይ ነው። መሬታችን ጨው ስለሆነ የምናርሰው ባሕሩን ነው። ውሃው ከወገብ በማያልፍበት ቦታ የዘንባባ ዝንጣፊ ጎን ለጎን ተክለን አጥር እናጥራለን፤ ዓሣው ከሚሞላው ውሃ ጋር ይገባና ውሃው ሲሸሽ በአጥሩ ጥግ ካሉት ወጥመዶች ውስጥ ይቀራል። ሸርፊያ እንለዋለን። ቦታው እንደ እርሻ ከአባት ለልጅ ይወርዳል፤ የእኛው ከወንድ አያቴ ለአባቴ ወርዶ ነበር። ከአባቴ ደግሞ ለማን? ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነበር።

አባቴ ቲጃኒ የቀረው በሚያዝያ ነፋስ ነው። ጀልባዋን ከነሞተሯ ባዶዋን ጎትተው አመጡልን፤ እሱን አላመጡልንም። እናቴ የሐዘን ጊዜዋን ቤት ተቀምጣ እስክትጨርስ ሰው ያጣውን አጥር ማዕበሉ እየቦጨቀ ወሰደው። ብርዱ ሲገባ የቀረን ቦታው ብቻ ነበር፤ እሱም ከእጃችን ሊወጣ ምንም አልቀረው። በመንደራችን ሥርዓት በብርዱ እኩሌታ ሽማግሌው ሸኽ በሺር በጀልባ ይዞራሉ። በየሸርፊያው ይቆሙና «ይህች የማን ናት?» ብለው ይጣራሉ። አዲስ በተተከለ አጥር ውስጥ የቆመ የቤቱ ሰው የባለቤቱን ስም ጠርቶ መመለስ አለበት። አጥር ከሌለ ወይም መላሽ ከጠፋ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

አንድ አጥር ብዙ ጀልባ ዝንጣፊ ይበላል። የተጫነች ጀልባ ደግሞ ጥልቀት በሌለው ባሕራችን የምታልፈው በትልቁ ውሃ ነው፤ ትልቁ ውሃ በእኛ በኩል የሚመጣው ማለዳ ነው። ቀትር ላይ ጀልባዎቹ ሁሉ ጭቃው ላይ በሆዳቸው ይተኛሉ። ዘንግ እየተከሉ መግፋት ለሁለት ጎረምሳ እንጂ ለአንዲት ሴትና እንደ እኔ ላለች ቁንጫ አይሆንም። ስለዚህ ቀትር ላይ የሚነሳ ሞተር ለእኛ ጌጥ ነበር። እናቴ የምትፈልገው ማለዳ የሚነሳ ሞተር ነው።

«ሴት ልጅ ባሕር ላይ ምን ቆርጧት!» ትላለች አያቴ መኑቢያ፣ የአባቴ እናት፣ የገብስ ቂጣዋን እየቆረሰች። «ስፋቅስ ከተማ እህትሽ ዘንድ ሂጂ። የዓሣ ማሸጊያው ፋብሪካ ሴት ይቀጥራል።»

«እርስዎንስ ማን ይጠብቃል?»

«እኔን ሞት ይጠብቀኛል። እሱም አይቸኩል፣ እኔም አልቸኩል።»

«እንግዲያው እኛም እዚሁ አብረነው እንጠብቅ» ትላለች እናቴ፣ ሐሪሳውን፣ የበርበሬ ድልሁን፣ ወደ አያቴ እየገፋች። «ይብሉ፤ በባዶ ሆድ አይጨቃጨቁኝ።»

ይህ በየቀኑ ነበር። አያቴ እናቴን የምትጠላት መሰለኝ። እናቴ ከባሕር በተመለሰች ቁጥር አያቴ በሩ ላይ ቆማ ከእግር እስከ ራሷ ታያትና ወደ ጓዳ ትገባለች። ያንን አስተያየት የንቀት አድርጌ ቆጠርኩት። ልጅ ወልጄ፣ ልጄ ጀልባ ላይ መውጣት ከጀመረ በኋላ ነው እኔም በር ላይ ቆሜ እንደዚያው ሳይ ራሴን ያገኘሁት።

እናቴ ሞተር ፈትታ አታውቅም። አባቴ ሲፈታ ግን መብራት የምትይዝለት እሷ ነበረች፤ መብራት የያዘ ሰው ደግሞ ሳይወድም ያያል። በአንድ ማለዳ አንድ ነገር ብቻ ትነካለች። «ሁለት ነገር ከነካሁ የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» ትለኛለች። መጀመሪያ ካንዴላውን ፈትታ አወጣች፤ እርጥብ ነው። ጠራርጋ፣ ቤት ወስዳ ምድጃ አጠገብ አድርቃ መለሰችው። ሳለ፣ ጠፋ። በሌላ ማለዳ አዲስ ካንዴላ አሰረች። ሳለ፣ ጠፋ። ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ብላ በብርጭቆ ቀድታ አቆመችው፤ ውሃ ካለ ከሥር ይተኛል። አልተኛም። የአየር መዝጊያዋን ዘግታ ሳበች፣ ገርበብ አድርጋ ሳበች፣ ከፍታ ሳበች። አንዳንድ ቀን እየተንገታገተ ይነሳና ቦታችን ያደርሰናል፤ አንዳንድ ቀን ውሃው ሸሽቶ ጭቃ ላይ እስክንቀር ድረስ እምቢ ይላል።

ሲነሳ ደግሞ ጭሱ! ነጭና ወፍራም ነው፤ ዘይት ውስጥ የተጠበሰ ሊጥ ይሸታል። እኔ ሽታውን ወድጄው አፍንጫዬን ነፍቼ እስበው ነበር።

«ረባሕ! ሞተርሽ ቁርስ እየጠበሰልን ነው እንዴ?» ይላታል አንዱ ከጀልባው ላይ።

«አዎ፣ እንቁላል ይዘህ ና!»

ወደቡ በሳቅ ይፈርሳል። እሷ አትስቅም፤ ገመዱን ትስባለች። መዳፏ ተልጦ በጨርቅ ጠቅልላዋለች። ጨርቁ ላይ ደም አይቼ «እማዬ፣ እጅሽ!» ስላት «እጄ ይድናል» አለችኝ። «ቦታው ከሄደ ግን አይመለስም። እዚያ ያለውን ገመድ አቀብዪኝ።»

እኔ ደግሞ እናቴ የማታውቀውን አውቅ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ አያቴ እጄን ይዛ ወደ ወሊዩ ሲዲ ሻዕባን መቃብር ቤት ትወስደኛለች። ኩራዙ ላይ የወይራ ዘይት ትጨምራለች፣ ትጸልያለች፤ የተረፈውን በትንሽ ጠርሙስ ይዛ በባሕሩ ዳር እንመለሳለን። ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሲያሸልብ፣ አያቴ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃ ላይ ወደተኛችው ጀልባችን ትጠጋና የቀዩን የቤንዚን ጋን ክዳን ትከፍታለች። «ቢስሚላህ» ብላ ታንቆረቁርበታለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኗ እንባ ያቀርራል።

«ይህ ምንድን ነው፣ አያቴ?»

«በረከት ነው።»

«ለሞተሩ?»

«ለእናትሽ። አፍሽን ያዢ ታዲያ፤ እናትሽ እንዲህ ያለ ነገር አታምንም።»

አፌን ያዝኩ። እንዲያውም ሞተሩ ሲብስበት በረከቱ ያነሰው መስሎኝ «ትንሽ ጨምሪለት እንጂ፣ አያቴ» እላት ነበር። ትጨምርለታለች።

ጥፋተኛውንም አግኝቼዋለሁ ብዬ ነበር። ጎረቤታችን ፈርጃኒ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ቅንድቡ የተጋጠመ ሰው። እናቱ አራስ ቤት ስለሞተችበት አያቴ ከአባቴ ጋር ጡቷን አጥብታዋለች፤ በእኛ ዘንድ ይህ ከሥጋ ወንድምነት አያንስም። የእሱ ሸርፊያ ከእኛው ጋር ድንበርተኛ ስለሆነ ግን ቦታችንን ዓይኑን እንደጣለበት መንደሩ ሁሉ ያወራል። አንድ ማለዳ እናቴ ከቤት ጀርባ ዝንጣፊ ስትጠርብ ሰውዬውን ሞተራችን ላይ አጎንብሶ አየሁት። አንዲት ነገር ፈታ፣ አሸዋው ላይ ደፋ፣ መልሶ ገጠመ፣ እጁን በሣር ጠረገና ሄደ። መርዝ ነው አልኩ። የዚያን ዕለት ሞተሩ ደህና መነሳቱን አላስተዋልኩም፤ ልጅ የፈለገውን ብቻ ነው የሚቆጥረው።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ ራሷ ደረሰችበት። የተሸከመችውን ዝንጣፊ መሬት ላይ ወረወረችና፣

«ፈርጃኒ! እጅህን ከሞተሬ ላይ አንሳ!» አለች።

ብድግ አለ። እጁ ላይ ካቻቢቴ ይዟል።

«ረባሕ፣ እህቴ…»

«እህትህ አይደለሁም! እህት እንዲህ ትደረጋለች? ቦታውን ከፈለግከው ሸኽ በሺር ሲዞሩ በአደባባይ ጠይቃቸው። የሙት ልጅ ሞተር በድንግዝግዝ አይነካካም!»

ሰዎች ከየጀልባቸው ቀና ቀና አሉ። ፈርጃኒ ሊናገር አፉን ከፈተ። ዓይኑ ወደ ቤታችን ሄደ፤ በሩ ላይ አያቴ ሻሿን ተከናንባ ቆማለች። ተያዩ፤ ለረጅም ጊዜ ተያዩ። ፈርጃኒ አፉን መልሶ ዘጋ።

«እሺ» አለ። «ሁለተኛ አልነካም።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የተያዘ ሌባ ምን ይላል፣ ዝም ነው እንጂ ብዬ ወደ አያቴ ሮጥኩና «አየሽው? ተዋረደ!» አልኳት። እሷ ግን ፊቷ አመድ መስሏል። ብርድ የመታት መስሎኝ ጋቢ መሳይ ብርድ ልብሷን አምጥቼ አለበስኳት።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ ጭራሽ አልነሳም አለ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሌላም ቀን። የሸኽ በሺር ዙር እየቀረበ፣ የቆረጥነው ዝንጣፊ ቤታችን ደጃፍ እየተቆለለ መጣ። አንድ ማለዳ እናቴ ገመዱን እንደያዘች፣ ውሃው ከሥራችን እስኪሸሽ ድረስ ዝም ብላ ተቀመጠች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን እያሰበች ነበር።

«ወሲላ» አለችኝ በመጨረሻ። «መርዝ የሚያጠጣሽ ሰው ማጠጣቱን ቢያቆም ይሻልሻል ወይስ ይብስብሻል?»

«ይሻለኛል።»

«ይሄ ግን ፈርጃኒ እጁን ካነሳ ወዲህ ባሰበት።»

«እና?»

«እናማ መርዝ አልነበረም።»

በማግስቱ ማለዳ የሞቀ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዛ ወጣች። ጨርቅ ነክራ ጨምቃ ካርቡሬተሩን ብቻ፣ ሌላ ምንም ሳትነካ፣ እንደ ታመመ ልጅ ግንባር ጠቀለለችው። ትንሽ ጠበቀችና ገመዱን ሳበች። በአንድ ሳብ ተነሳ! እልል ልል አፌን ስከፍት እናቴ አጠፋችው።

«እማዬ! ተነስቶልን ነበር እኮ!»

«ለምን እንደተነሳ ነው የምፈልገው። ዕድሜዬን ሙሉ ማንቆርቆሪያ ይዤ አልዞርም።» ጨርቁን አውልቃ ካርቡሬተሩን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። «እዚህ ውስጥ ብርድ የሚያረጋው ነገር አለ። ቤንዚን አይረጋም። ታዲያ ምንድን ነው የሚረጋው?»

መልሱን ያገኘችው ጓዳ ነው። ያን ዕለት ቁርስ ላይ አያቴ ቂጣዋ ላይ ዘይት እንዲደረግላት ፈለገች። እናቴ ማሰሮውን አዘነበለች፤ ዘይቱ አልፈሰሰም። ሌሊቱን ብርዱ አርግቶታል፤ ነጭ ነጭ ብሎ ከማሰሮው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በየዓመቱ የምናየው ነገር ነው። እናቴ ግን ማሰሮውን እንዳዘነበለች ቀረች። ዘይቱ ሊያልቅ ስለሆነ የተጨነቀች መሰለኝ። አያቴ ዓይኗን ከሳህኗ ላይ አላነሳችም።

በነጋታው፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ እናቴ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዛ ወደ ሞተሩ ሄደች። ከካርቡሬተሩ ሥር የሻይ ብርጭቆ ቂጥ የምታህል ጽዋ አለች፤ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ከመሄዱ በፊት የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ፈርጃኒ ሲፈታት ያየሁት እሷን ኖሯል። እናቴ ፈታቻትና ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። ሥሯ ላይ ቢጫ፣ ወፍራም ነገር ተጋግሯል። በጣቷ ዛቀችው። አሸተተችው። ምላሷ ላይ አደረገችው። ከዚያ ቀና ብላ ቤታችንን አየች።

«ምንድን ነው፣ እማዬ?»

«ራታችን» አለችኝ።

ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አስረዳለሁ፦ ቤንዚን ይተናል፣ የወይራ ዘይት አይተንም። ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ቤንዚኑ እየተነነ ዘይቱ ጽዋው ውስጥ ይቀራል፤ ብርዱ ያረጋዋል፤ የረጋው ዘይት ያችን እንደ ፀጉር የቀጠነች የነዳጅ ቀዳዳ ይደፍናታል። ፀሐይ ሲወጣ ይቀልጣል፣ ሞተሩም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሳል። ያኔ ግን እናቴን በደስታ እያየኋት ነበር። በረከቱን አገኘችው ብዬ።

ጽዋዋን በጨርቅ ጠቅልላ ቀጥታ ወደ ፈርጃኒ ቤት ሄደች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት። በሩን በትንሹ ከፈተው።

«ምን እየደፋህ ነበር?» አለችው።

«ምንም።»

«ወንድሜ ፈርጃኒ፣ በቲጃኒ ነፍስ ይዤሃለሁ። እኔ ሳዋርድህ ለምን ዝም አልክ?»

ሰውዬው መሬት መሬቱን አየ። «ጡቷን ያጠባችኝን ሴት በሰው ፊት አላስወቅስም» አለና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

የሞተች እናቱን ያነሳ መሰለኝና አዘንኩለት። እናቴ ግን በሩ ላይ ግንባሯን ደገፍ አድርጋ ትንሽ ቆየች።

ማታ የገብስ ሾርባ ከደረቀ ኦክቶፐስ ጋር ቀርቦ ሦስታችን ገበታ ዙሪያ ተቀመጥን። እናቴ ጽዋዋን ከጨርቁ ፈትታ ቂጣው አጠገብ አስቀመጠቻት።

«እማማ፣ ይቅመሱት።»

አያቴ አልነካችውም።

«የእኛው ማሰሮ ዘይት ነው» አለች እናቴ።

«የሲዲ ሻዕባን ነው» አለች አያቴ።

ምስጢሩ ወጣ ብዬ ደስ አለኝና «ለሞተሩ በረከት ነው!» አልኩ። ማንም ዞሮ አላየኝም።

«በረከት ነው» አለች አያቴ። «ባሌ፣ የሞተር ዘይት ከገበያ በጠፋበት ዓመት የወይራ ዘይት ከቤንዚን ጋር ቀላቀለ። ማለዳ እምቢ አለው። ሲሳደብ፣ ሞተሩን በእግሩ ሲመታ አረፈደ። ሌሎቹ ወጡ። ከሰዓት ነፋሱ ተነሳ። ከወጡት አንድም ሰው አልገባም። ያ ዘይት ባሌን ሰጠኝ፤ አርጅቶ አልጋው ላይ ነው የሞተው። ለቲጃኒ ግን አላፈሰስኩለትም። ሰማሽ ረባሕ? ለልጄ አንዲት ጠብታ አላፈሰስኩለትም። ምን ነበር ባፈስለት!»

እናቴ ከተቀመጠችበት ተነስታ ከአያቴ ጎን ተቀመጠች። የተጠቀለለ እጇን አያቴ ጭን ላይ አኖረች።

«እማማ፣ ሰማዩን እኔም አነባለሁ። ነፋስ ባለበት ቀን ጀልባ አልፈታም፤ ይኸው ማልኩልዎ። ነፋስ በሌለበት ቀን ግን እወጣለሁ። ያንን ሞተሩ አይወስንልኝም። እርስዎም አይወስኑልኝም።»

«ብትቀሪስ?»

«ስፋቅስ ብሄድስ ከዚህ ቤት ቀረሁ አይደል? አጥሩን እተክላለሁ፣ እማማ። በሞተር ካልሆነ እየዋኘሁ።»

ለፈሰሰው ዘይት የሚጨቃጨቁ መስሎኝ ሾርባዬን ጠጣሁ። አያቴ ለእናቴ የምትጸልየው ሞተሩ እንዳይነሳ እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ይህንኑ ታሪክ ለሌላ ሰው ሳወራ በወሬው መሀል ነው። ወሬውን አቁሜ አለቀስኩ። የሚጠላውን ሰው እንዲህ አድርጎ የሚጠብቅ የለም።

በማግስቱ እናቴ ወደቡ መሀል፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «ወንድሜ ፈርጃኒ! ንጹሕ ቤንዚን አበድረኝ!» ብላ ተጣራች። ጀልባዎቹ ላይ ወሬው ጸጥ አለ። ፈርጃኒ ጀሪካኑን ራሱ ተሸክሞ መጣ፤ ጆሮው ቀልቷል። ቀዩን ጋን አጠቡት፣ ቱቦውን አጠቡት። ያችን ቀጭን ቀዳዳ እናቴ በመጥረጊያ ጭራ ጠረገችና በአፏ ነፋችባት፤ ሽቦ ያሰፋታል ብላ ከለከለች። ማታ ጀልባዋን ስታስር የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግታ ሞተሩ ጽዋውን ጠጥቶ እስኪጨርስ አስነስታ ትተወው ጀመር። ሞተሩ በብርድ ሁለቴ ይስልና ይነሳል። ማለዳ ማለዳ ዝንጣፊ ጭነን ወጣን፣ ተከልን፣ ተመለስን። ሐሙስ መጣ፤ አያቴ ከቤት አልወጣችም።

የዙሩ ማለዳ የመጨረሻውን ዝንጣፊ ጭነን ስናበቃ አያቴ ከነሻሿ፣ ከነብርድ ልብሷ ውሃው ዳር ቆማ አየናት። ባሏ ከዚያ ነፋስ ከዳነ ወዲህ ጀልባ ረግጣ አታውቅም።

«ወዴት ነው፣ እማማ?» አለች እናቴ።

«ወደ ቦታዬ።»

«ይበርድዎታል።»

«በር ላይ ቆሜ ከምበርድ እዚያ ልብረድ። እጅሽን ስጪኝ፤ አታፍጪብኝ።»

እናቴ ደግፋ አስገባቻትና ዝንጣፊው ላይ አስቀመጠቻት። ገመዱን ሳበች። ሳለ። አያቴ ዓይኗን ጨፈነች። እንደገና ሳበች፤ ተነሳ፣ ጸና። አያቴ ዓይኗን ስትገልጥ ወደቡን ለቀናል። ለሽርሽር የመጣች መስሎኝ በደስታ የማላወራት ነገር አልነበረም። እሷ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጇ እንደጨበጠች ቦታችን ደረስን።

የመጨረሻዎቹን ዝንጣፊዎች ስንተክል የሸኽ በሺር ጀልባ ደረሰች። እናቴ ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ነች፤ እኔ አንገቴ ሊደርስ ነው። አያቴ ሳናያት ከጀልባዋ ወርዳ ቀሚሷ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ አጥሩን ይዛለች። ሸኽ በሺር ከጀልባቸው ላይ ቆሙ።

«ይህች የማን ናት?»

መበለት የምትመልሰው በባሏ ስም ነው፤ ልማዱ እንደዚያ ነው። እናቴ አፏን ስትከፍት አያቴ ቀደመቻት።

«የረባሕ ናት!»

ሽማግሌው ጆሯቸውን አዘነበሉ። «የማን አልሽ?»

«የረባሕ! ደነቆሩ እንዴ፣ ሸኽ በሺር? የረባሕ፣ የልጄ!»

ጀልባው ላይ ያሉት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ሸኽ በሺር አጥሩን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ለኩት፤ አያቴን አዩ፣ እናቴን አዩ።

«የረባሕ ናት» አሉ። «አላህ ይባርክላት።» ጀልባቸውም ወደ ፈርጃኒ ሸርፊያ ዞረች።

እኔ ሆድ ባሰኝ። አያቴ የአባባን ስም ረሳችው፣ ቦታውን ወሰደችበት ብዬ ፊቴን አዞርኩባት። «የአባባ ነው» አልኩ ለውሃው። አያቴ ሰምታኛለች። እናቴ ደግሞ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ፣ አጎንብሳ፣ አንዲት ቋጠሮ ማሰር ጀመረች። ብዙ ቆየች፤ ትከሻዋ ይንቀሳቀሳል። ቋጠሮው አስቸግሯት መስሎኝ ኩርፊያዬን ትቼ ላግዛት ሄድኩ።